የሳምቡሳ ዘይት ለአሮጌ ፔጆ፦ የድሬ ልጆች ጠርሙስ ከአራት ወር በኋላ

መጀመሪያ ስለ መኪናዬ ላውራ። አለዚያ ድሬዳዋ ላይ ከተጠበሰበት ዘይት ተሠርቶ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ይህ ጠርሙስ ለምን እንዳስፈለገኝ አይገባችሁም። ፔጆ 404 ናት። አባቴ ናቸው የተዉልኝ። ፈረንሳዮች ይህን ሞዴል ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው የሠሩት። ሐረር ረግጦ የሚያውቅ ሰው ታክሲ ሆና ሽቅብ ቁልቁል ስትል አይቷታል። የእኔዋ ግን ጡረተኛ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ለገሃሬ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቆማለች፣ እሁድ እሁድ ዞር ዞር ትላለች፣ በወር አንዴ ደግሞ ደንገጎን ወጥተን ሐረር እህቴ ጋ እንሄዳለን። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

በሽታዋም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቆሞ የሚውል ቤንዚን በድሬ ሙቀት ይበላሻል። ቀላል ቀላሉ ይተንና የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ሙጫ ያበጃል። ያ ሙጫ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለው) ውስጥ ይጋገራል፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ ያጠብባል፣ ከዚያ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ መኪናዋ ኡሁ ኡሁ ትላለች እንጂ አትነሳም። እኔ በዓመት ሁለቴ ካርቡራተር አስፈትቼ አሳጥባለሁ። መካኒኬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ቀዳዳዋን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ «ጂክለር» ነው የሚሏት። ባለፈው ሲፈቱላት «ልጄ፣ ይቺ መኪና አልታመመችም፤ ቦዝና ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «እዚያ የዘይት ልጆቹ ጋ ሂድ፣ የሆነ ጠርሙስ አላቸው፣ ሞክረው» ብለው ላኩኝ።

ሄድኩ። ቦታው ገበያው ጀርባ ነው። ሰሌዳ የለውም። ሳምቡሳ የሚጠብስ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የጠቆረ ዘይቱን የሚገዙት እነዚህ ልጆች ናቸው። ማታ ማታ ድሬ ላይ ስንት ዘይት እንደሚፈላ አስቡት እስቲ። ሳምቡሳው፣ ባጅያው፣ ቦምቦሊኖው፣ ድንቹ። ያ ሁሉ ዘይት ጠቁሮ ሲያበቃ ወይ ቱቦ ውስጥ ይደፋል ወይ (ይሄን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር) ተጣርቶ እንደገና ይጠበስበታል። ልጆቹ ጀሪካን ይዘው እየዞሩ ይሰበስቡታል።

ሽርጥ የታጠቀ አንድ ልጅ ተቀበለኝና ሳልጠይቀው ሁሉን አስጎበኘኝ። እንደ ድሬ ልጅ ወሬ አይሰስትም። ዘይቱን በጨርቅ ያጠልላሉ፣ ውሃው እስኪወጣ ያሞቃሉ፣ ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ሜታኖል ጨምረው በሙቀት ያማስሉታል፣ ያሳርፉታል። ሲያድር ሁለት ሆኖ ይለያል። ላይኛው ቢጫና ቀጭን ነው፣ እሱ ባዮዲዝል ነው፣ ጀነሬተራቸውን የሚያስነሱበት። ታችኛው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወፍራም ነገር ነው። ግሊሰሪን ነው እሱ። ከ100 ኪሎ ዘይት 10 ኪሎ ያህል ይወርዳል።

«እናቶቻችን ተረከዛቸውን የሚቀቡት ግሊሰሪን?» አልኩት።

«ወላሂ እንዳትቀባው ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «ሜታኖል አለበት፣ ኮስቲክ አለበት፣ ሳሙና አለበት።»

ልክ ነው። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ግሊሰሪን ስንት ጊዜ የተጣራ ነው። ይኼኛው ደግሞ ገና ጭቃ ነው፣ ለማጣራት የሚወጣው ወጪ ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል። የድሬ ብቻ ችግር አይደለም ይሄ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ባዮዲዝል በዓለም ላይ ሲበዛ ግሊሰሪንም አብሮት በዛና ዋጋው ወደቀ። «ምን እናድርገው» የሚለው ጥያቄ ያኔ ነው የከረረው። እና አንዱ መልስ፦ ወደ ነዳጅ መልሰን እንጨምረው።

ግን እንዳለ አይጨመርም። ይሄን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። አንድ ጓደኛዬ፣ አይሱዙ አለው፣ ከሌላ ቦታ «የናፍጣ ማጠቢያ» ተብሎ የተሸጠለትን ወፍራም ፈሳሽ ታንከር ውስጥ ገለበጠ። ግሊሰሪኑ ራሱ ነበር። ከናፍጣ ጋር አይዋሃድም፣ ከናፍጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ታች ይዘቅጣል፣ መኪናው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ፊልትሮው ተደፈነ፣ ኖዝሎቹ ተበላሹ። ለዚህ ነው ለባዮዲዝል የወጣው የአውሮፓ ደረጃ ነፃ ግሊሰሪንን ከ0.02 በመቶ በላይ የማይፈቅደው። ደግሞ ግሊሰሪን በቅጡ ሳይነድ ሲያር አክሮሊን የሚባል መርዛማ ጭስ ይወጣዋል። ታውቁታላችሁ፣ መጥበሻ ላይ ዘይት ሲያር ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ልጆቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ልጁ ያስረዳኝን በራሴ አባባል ልሞክረው። ግሊሰሪን ሦስት እጅ አለው በሉ። ሦስቱም እጆቹ ውሃ መያዝ ይወዳሉ፣ ስለዚህ ቤንዚን አጠገብ ድርሽ አይልም። አሴቶን ይመጣና (ቀለም ቤት የሚሸጠው፣ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት) ሁለቱን እጆቹን ያስርለታል። አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ይህ የታሰረው ግሊሰሪን ሶልኬታል ይባላል፣ ከቤንዚን ጋር ይዋሃዳል። ሥራው ጥቂት አሲድ ይፈልጋል፣ በመሃሉም ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ ካልተወገደ እስሩ መልሶ ይፈታል። ቀጥሎ አሲዱን ያመክኑታል፣ የተረፈውን አሴቶን በሙቀት ያስወጡታል። አሴቶን በ56 ዲግሪ ይፈላል፣ ሶልኬታል 190 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለዚህ መለያየቱ አያስቸግርም።

ሌላም መንገድ አለ። ከአሴቲክ አሲድ (ሆምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው) ጋር ሲዋሃድ ትሪያሴቲን የሚባል ሌላ የነዳጅ ቅመም ይሆናል፣ ከአይሶቡቲሊን (ከነዳጅ ማጣሪያ የሚገኝ ጋዝ) ጋር ደግሞ ጭስ የሚቀንስ የናፍጣ ቅመም ይወጣዋል። «እሱን ለምን አትሠሩም?» አልኩት። «አቦ ጋሼ፣ ያ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን በርሜል ነው» አለኝ። ወደድኩት።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሱ። ውስጡ ያለው ይኸው ሶልኬታል ነው። 200 ሚሊ ሊትር ነው፣ 400 ብር። ለ20 ሊትር ቤንዚን አንድ ጠርሙስ፣ ማለትም 1 በመቶ። ልክ እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ ጠረኑም እምብዛም አያስቸግርም።

የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ጨመርኩ። ምንም! መኪናዬ እንደ ልማዷ ኡሁ ኡሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። በቃ ተበላሁ ብዬ፣ ይህንን ጽሑፍም ያን ጊዜ ጀምሬው ነበር፣ ርዕሱ አሁን ካለው በጣም የተለየ ነበር። ደግነቱ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ የቆሸሸ ድስት ላይ ንጹሕ ዘይት ብታፈስ ድስቱ ይጠራል እንዴ? መጀመሪያ ይታጠብ።» ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይሄ ጠርሙስ አዲስ ሙጫ እንዳይፈጠር ያግዛል እንጂ የተጋገረውን ፍቆ አያወርድም። ልጆቹም ይሄን አልነገሩኝም። ይሄ ጥፋታቸው ነው። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢጽፉ ምናለ?

ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፣ በየሙሌቱ አንድ ጠርሙስ። ዛሬ አራተኛው ወር ነው። በፊት በሦስተኛው ወር ጠዋት ማስነሳት ጣጣ ይሆን ነበር። አሁን በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች፣ ቆማ ስትሠራም አትንዘፈዘፍም። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው የካርቡራተሩን ክዳን ከፍተው አዩት፣ ጣታቸውን አስገብተው ጠረጉ፣ ጣታቸውን አሳዩኝ። ንጹሕ ነው። «ኧረ ይሄ ነገር...» አሉና አልጨረሱትም። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

አንዲት መኪና ምስክር አትሆንም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ነገርም ሞከርኩ። (ቤት ውስጥ አታድርጉት፣ ቤንዚን ነው፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ጭራሽ።) ከአንድ ጀሪካን የወጣ ቤንዚን በሁለት ብርጭቆ ማሰሮ ከፈልኩ። አንዱ ውስጥ 1 በመቶ ጠብ አደረግኩ፣ አንዱን እንዳለ ተውኩት። ግቢው ጥግ ጥላ ሥር ስድስት ሳምንት ተቀመጡ። ከዚያ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሼ እስኪተን ጠበቅኩ። እንዳለ የተውኩት ቢጫ ቀለበት ትቶ ሄደ፣ ስነካው እንደ ዕጣን ሙጫ ይይዛል። የተጨመረበት አቧራ የመሰለ ነገር ብቻ ተወ። ባለቤቴ ሳህኑን አይታ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1 እስከ 5 በመቶ ሶልኬታል ቤንዚን ውስጥ ጨምረው ሙጫው በጣም እንደቀነሰ አሳይተዋል። ኦክቴኑም እስከ 2.5 ነጥብ ከፍ ብሏል። ልጆቹ ይህን ኦክቴን ሲያወሩ ግን ትንሽ ይበዛባቸዋል። ጉልበት ይጨምራል፣ ምናምን ይላሉ። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል መቻሉ ነው፣ ጉልበት አይደለም። የእኔ 404 ዓይነት አሮጌ ሞተር አየሩን ብዙ አይጨምቅም፣ ደንገጎን ስትወጣም አታንኳኳም፣ ስለዚህ የተጨመረው ኦክቴን ለእሷ ትርጉም የለውም። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውንም ሐረር ደርሼ ስመለስ ሁለት ጊዜ ሞልቼ ለክቼዋለሁ። ያው ነው። እንዲያውም ሶልኬታል ውስጡ ኦክስጅን ስላለ ከቤንዚን ያነሰ ኃይል ነው የሚሰጠው። 1 በመቶ ስለሆነ ነው የማይታወቀው።

አሁን ስለ ዋጋው። «ከቆሻሻ የተሠራ ነገር 400 ብር?» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ልጁ ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። አንድ ኪሎ ሶልኬታል 700 ግራም ያህል ግሊሰሪን ይበላል፣ 440 ግራም ያህል አሴቶን ደግሞ ይበላል። የቀረው ውሃ ሆኖ ይወጣል። ግሊሰሪኑ ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ አሴቶኑ ግን ከቀለም ነጋዴ የሚገዛ፣ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ደግሞ ሥራው እንዲሳካ ከልኩ በላይ ነው የሚጨመረው። እና የምትከፍሉት በአብዛኛው ለአሴቶን ነው። ስሌቱ አሳመነኝ። ቢሆንም ውድ ነው። ሰው «ከሳምቡሳ ዘይት የተሠራ» ሲባል በርካሽ ይጠብቃል፣ እኔም ጠብቄ ነበር።

ያስቀየመኝን ልናገር። ሦስተኛዋ ጠርሙስ ስትከፈት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተች። ከላይ እንዳልኩት ውሃና የአሲድ ርዝራዥ ካለ እስሩ ይፈታል፣ አሴቶኑ አሴቶን፣ ግሊሰሪኑም ግሊሰሪን ሆኖ ይመለሳል። ጠርሙሷ ታጥባ ሳትደርቅ ተሞልታ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ ውላ ይሆናል። አሴቶን የቤንዚን ጎማ ቱቦን ይበላል፣ የ50 ዓመት ቱቦ ደግሞ መለዋወጫ የለውም! ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አሸተተ፣ አንድም ነገር ሳይከራከር ቀየረልኝ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ጥሩ። ግን ጠርሙሱ ላይ የተሠራበት ቀን የለም፣ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም፣ በእስክሪብቶ «ቤንዚን» ተብሎ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ውሃ መስሎት ልጅ ቢጠጣውስ? ስለዚህ ስትገዙ እዚያው ክፈቱና አሽትቱ። ከተቻለም ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ላይ ጠብ አድርጉት። ታች ከዘቀጠ አትውሰዱ።

ሌላው ደግሞ የባሰው ነው። የአሴቶኑ በርሜል የተቀመጠበት ጥግና ጎረቤታቸው ቡና የምታፈላበት ከሰል መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፣ በድሬ ቀትር ምን እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱ። ነገርኳቸው። «እናነሳዋለን» አሉ። በሚቀጥለው ወር ስሄድ በርሜሉ እዚያው ነው፣ ቡናዋም እዚያው ናት፣ እንዲያውም ጋበዙኝ። ቡናው ጥሩ ነበር። ግን ቆሜ ነው የጠጣሁት፣ በሩ ጋ።

እንዲህም ሆኖ ለምን አመንኳቸው? አንድ ቀን እዚያው እያለሁ የዶልፊን ሹፌር መጣ። ናፍጣ ነው መኪናው። ሦስት ጠርሙስ ስጡኝ አለ፣ ብሩን አውጥቶ ይዟል። «ለናፍጣ አይሆንም» አሉት። ሶልኬታል ያቺ የቀረችው አንድ እጁ ውሃ ትወዳለች፣ ከባዮዲዝል ጋር ይስማማል፣ ከተራ ናፍጣ ጋር ግን አይዋደድም። «ወርያ፣ ትንሽ ብቻ ስጡኝ፣ የእኔ መኪና ይችላል» እያለ ለመናቸው። አልሸጡለትም። 1200 ብር በሩ ላይ ቆሞ ሲመለስ አየሁ። እኔ ነጋዴ ብሆን እንጃ።

ማን ይግዛ? ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ያለው፣ ቶሎ ቶሎ የማይነዳት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ማቆየት ነው እንግዲህ። ቤንዚን የሚጠቀም ጀነሬተር ኖሮት መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚያስነሳም ይግዛ። ባጃጅ ያላችሁ አትድከሙ፣ እናንተ በየቀኑ ቀድታችሁ በየቀኑ ትጨርሳላችሁ፣ ቤንዚኑ ሙጫ ለማበጀት ጊዜ የለውም። ታንከራችሁ ውስጥ ውሃ የሚገባ ከሆነም መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፣ ሶልኬታል ከውሃ ጋር በደንብ ይዋሃዳል፣ ውሃው ይዞት ታች ይቀራል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿ ለዶልፊኑ ሹፌር ጉዳይ ናት። በርሜሉን ካራቁ አራት አደርገዋለሁ።

ሳሙናውን ረስቼ። ሜታኖሉን አስወጥተው ከተረፈው ግሊሰሪን ቡናማ ሳሙና ይሠራሉ፣ እየቆረጡ ይሸጣሉ። መልኩ አያምርም። የሞተር ዘይትና ግራሶ ግን ከእጅ ላይ እንደዚህ የሚያነሳ ሳሙና አላየሁም፣ ሽማግሌው መካኒኬ ከጠርሙሱ ይልቅ እሱን ነው የሚያዙኝ። እዚያ ከሚሸጡት ሁሉ ለገንዘባችሁ የሚበጀው እሱ ነው ብላችሁ አልከራከርም።

ከሰዓት ከ7 እስከ 10 ዝግ ናቸው፣ ድሬ ነው እንግዲህ፣ ማን በዚያ ፀሐይ ይሠራል። ጠዋት ሂዱ። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ 30 ብር ይቀንሳሉ፣ ግን ራሳችሁ አድርቃችሁ ውሰዱት። እኔ አራት አሉኝ፣ ሸራው ላይ ተደፍተው ፀሐይ እየሞቁ ነው፣ ቅዳሜ እወስዳቸዋለሁ።